ከከረን እስከ ቋራ፦ የአገው ቋንቋዎች ዘር

ኢንጅባራ ገበያ ላይ ከብት የሚሸጥ የአዊ ሰው ሁለት ለማለት «ላንጋ» ይላል። ከረን ላይ የቢለን ነጋዴ «ለንጋ» ይላል። ሰቆጣ ላይ የዋግ ሰው፣ ጭልጋ ላይ ደግሞ የቅማንት ሽማግሌ «ሊንጋ» ይላሉ። አምስትን አዊውም ቅማንቱም ቢለኑም «አንኳ» ይሉታል፤ ዋጎች ጋ ሲደርስ «አኳ» ይሆናል። በአማርኛ ፊደል በግርድፉ ሲጻፍ እንዲህ ነው። ከኢንጅባራ እስከ ከረን በቀጥታ መስመር እንኳ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመካከሉ የአማርኛና የትግርኛ ተናጋሪ ሰፊ አገር ተኝቷል።

የመንደር ጎረቤት ያልሆኑ ሰዎች በአንድ ዓይነት ቃል የሚቆጥሩት ምን አገናኝቷቸው ነው?

የቋንቋ አጥኚዎች ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የታወቀ መንገድ አላቸው። ሸቀጥ ቃል ይዞ ይጓዛል፤ ስለዚህ «ቡና»ን ወይም «ሳሙና»ን የሚመስል ቃል ብዙ ቋንቋ ውስጥ ቢገኝ ዝምድናን አያሳይም። ከአንድ እስከ አምስት ያለው ቁጥር፣ «እኔ»፣ «ውሃ»፣ «ዓይን»፣ «ደም» የመሳሰሉት ግን በብድር የሚመጡት ከስንት አንዴ ነው። ከዚያ በኋላ የሚታየው ቃላቱ መመሳሰላቸው ብቻ ሳይሆን ልዩነታቸውም ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። ውሃ በቢለን «ዓቍ» ነው፤ በቅማንቶች ቋንቋ፣ በቅማንትነይ፣ ያ ጠንካራ «ቅ» ላልቶ «አኍ» ይሆናል፤ አዊዎች ጋ ደግሞ ወደ «አጉ» ይጠጋል። አራት በቢለንና በቅማንትነይ «ሰጃ» ሲሆን የ«ጅ»ን ቦታ በዋግ «ዝ»፣ በአዊ «ድዝ» ይይዛል። «እኔ» በአራቱም «አን» ነው። ልዩነቱ በሥርዓት የሚመራ ሲሆን አጥኚው ወደ ኋላ ተጉዞ የጋራ እናታቸው ምን ትል እንደነበር መገመት ይችላል። የእንግሊዙ ምሁር ዴቪድ አፕልያርድ ይህን ሥራ ለዓመታት ሠርተው በ2006 እ.ኤ.አ. የአገው ቋንቋዎችን ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት አሳትመዋል።

ቤተሰቡ ማዕከላዊ ኩሽ ይባላል፤ ቅርንጫፎቹ አራት ናቸው። ሰሜን ላይ ቢለን፣ ምሥራቅ ላይ የዋግ ኽምጣንጛ፣ ደቡብ ላይ የአዊ አውንጂ፣ ምዕራብ ላይ ቅማንትነይና የቋራ አገውኛ። አራተኛው ቅርንጫፍ የዛሬውን የምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚነካው ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የተሰበረውም እሱ ነው።

በጥንት ዘመን አገው ደሴት አልነበረም። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱምን ያወቀው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ ወርቅ ፍለጋ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲልክ ጉዞው በአገው ገዥ በኩል እንደሚሰናዳ ጽፏል። ላስታ ላይ የነገሡት ዛጉዌዎችም አገው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ በቤተ መንግሥት፣ በጦር ሰፈርና በገበያ እየተከተለ ሲሰፋ የአገው ቋንቋ አገር እየተበጣጠሰ ሄደ። አማርኛ ግን እንዲሁ አላለፈም። ግዕዝ ግሱን ብዙውን ጊዜ ከፊት ያስቀድማል፤ አማርኛ «ልጁ ውሃ ጠጣ» ብሎ ግሱን መጨረሻ ላይ ያሳርፈዋል። ይህ የኩሽ ቋንቋዎች አሰካክ ነው፤ ምሁራንም በአብዛኛው ከአገው ጋር አብሮ ከመኖር የመጣ ነው ይላሉ። አንድም የአገውኛ ቃል አላውቅም የሚል የጎንደር ሰው፣ አረፍተ ነገሩን የሚገነባው በአገው ሥርዓት ነው ማለት ነው።

ወደ ቆላው እንውረድ። ከጎንደር በአይከል አድርጎ ወደ ገንዳ ውሃና ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ዛሬ የሰሊጥና የጥጥ መንገድ ነው። በአጨዳ ወራት ከደጋው የሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ አማርኛውን በየዘዬው ይናገራል፤ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ ዐረብኛ ይነገራል፤ በቆላው ዳር ዳር ደግሞ ከአገውም ከአማርኛም ጋር የማይዛመደው የጉሙዝ ቋንቋ አለ። ከዚህ በስተደቡብ የምትገኘው ቋራ በብዙ ሰው ዘንድ የምትታወቀው የዐፄ ቴዎድሮስ አገር በመሆኗ ነው። ቋራ የአገውኛ አገር እንደነበረች የሚያውቀው ጥቂት ነው።

የቋራን አገውኛ እስከ ቅርብ ጊዜ ይዘው የቆዩት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ቅማንቶች ሌላ እምነት ነበራቸው፤ ሕገ ልቦና የሚባለውን ሥርዓት ወምበር በሚባሉ የእምነት መሪዎቻቸው መሪነት በተከበሩ የዛፍ ጥላዎች ሥር ይፈጽሙ ነበር። ሁለቱ በእምነት ይለያዩ እንጂ ቋንቋቸው አንድ ነበር፤ ልዩነቱ የዘዬ ያህል ነው። ቤተ እስራኤላውያን ጸሎታቸውን በግዕዝ ያደርሱ ስለነበር፣ በመካከሉ የሚገቡት የአገውኛ ስንኞች ቋንቋው ከቤት ከወጣ በኋላም ጸሎት ውስጥ ኖረዋል። በቴዎድሮስ ዘመን አገራችን የነበረው ሚስዮናዊ ዮሐን ማርቲን ፍላድ በ1866 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ስለ ሁለቱ ሕዝቦች ጽፎ ቃላትም አክሎበታል። ኦስትሪያዊው ሊዮ ራይኒሽ ደግሞ በ1880ዎቹ ስለ ቢለን፣ ስለ ዋግ ኽምራና ስለ ቋራ ቋንቋዎች ተከታታይ ሥራዎች አወጣ። ከዚያ በኋላ ባለው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የቋራ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ቋንቋውን የሚያስታውሱት በዕድሜ የገፉት ብቻ ናቸው፤ ልጆቻቸው የሚያወሩት ዕብራይስጥ ነው።

የቅማንትነይ መዳከም ሌላ መንገድ ነበረው። አገሬው ከቀዬው አልወጣም፤ ቋንቋው ነው ከሰው የወጣው። ለረጅም ዘመን የጎንደር ከተማ እንጨት የሚመጣው በቅማንት ሴቶች ጀርባ ነበር፤ ሸክማቸውን ይዘው ከተማ ሲገቡ በአነጋገራቸው ይናቁ ነበር። ልጁ እንዳይሰደብ የፈለገ ወላጅ ቤት ውስጥም አማርኛ ማውራት ጀመረ። ክርስትና ሲስፋፋና ትምህርት ቤት ሲከፈት የቀረው በር ተዘጋ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ሰው ወደ 172 ሺህ ሲሆን፣ ቅማንትነይን አፍ መፍቻዬ ነው ያሉት 1,700 እንኳ አልሞሉም። በ1999ኙ ቆጠራ ደግሞ ቅማንት ራሱን ችሎ አልተመዘገበም። ከዚያ ወዲህ የማንነት ጥያቄው በጭልጋ፣ በመተማና በቋራ ብዙ ሕይወት የቀጠፈ ግጭት ውስጥ ገባ። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ቋንቋው ራሱም በዚያ ጩኸት ውስጥ ተረስቷል።

በአሜሪካ የሲዩ ቋንቋዎች ዘር ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ላኮታ፣ ዳኮታ፣ ኦማሃ፣ ኦሴጅ፣ ክሮው፣ ማንዳን የሚባሉት ሕዝቦች የዚህ ዘር ናቸው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሚኒሶታም ስሟን ያገኘችው ከዳኮታ ቋንቋ ነው። አሜሪካኖች ቤተሰቡን ለረጅም ጊዜ የሚያውቁት የሜዳ ፈረሰኞች ቋንቋ አድርገው ነበር። በ1870 እ.ኤ.አ. ሆሬሺዮ ሄል የሚባል አጥኚ ካናዳ ውስጥ ኒኮንሃ የተባለ እጅግ ያረጀ ሰው አገኘ። ሰውየው ቱቴሎ ነበር፤ ወገኖቹ ከቨርጂኒያ ተገፍተው የመጡ ናቸው። ሄል ቁጥር እንዲቆጥርለት ጠየቀው፤ ሁለትን «ኖምባ»፣ አራትን «ቶፓ» አለው። ላኮታ «ኑንፓ»ና «ቶፓ»፣ ኦማሃ «ኖምባ»ና «ዱባ» ይላሉ። በአንድ ሽማግሌ ቃል የሲዩ ዘር ከምዕራብ ሜዳ እስከ አትላንቲክ አቅራቢያ ተዘርግቶ እንደነበር ታወቀ። ኒኮንሃ በዓመቱ ሞተ።

ማንዳኖች ደግሞ በ1837 እ.ኤ.አ. የፈንጣጣ ወረርሽኝ አብዛኞቹ አለቁ። የቀሩት ቋንቋቸውን ለተጨማሪ መቶ ሰማንያ ዓመት ያህል ይዘው ቆዩ፤ አቀላጥፎ የሚናገረው የመጨረሻው ሰው ኤድዊን ቤንሰን በ2016 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ግን የቀዳቸው ድምፆችና ያስተማራቸው ተማሪዎች ነበሩ።

ለእኛም ቅርቡ ምሳሌ የጠፋው የጋፋት ቋንቋ ነው። ተጓዡ ጀምስ ብሩስ በ1770ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጎንደር ሳለ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን በአገሩ ቋንቋዎች አስተርጉሞ ወሰደ፤ አገውኛም ጋፋትኛም አሉበት። ጽሑፉ ኦክስፎርድ ይገኛል። የቋንቋ አጥኚው ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጋፋትኛ ፍለጋ ሲወጣ ያገኛቸው ተናጋሪዎች አራት ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱ የጻፈው ሰዋስው ባይኖር ስለ ጋፋትኛ የምናውቀው ከብሩስ ብራና እምብዛም ባላለፈ ነበር።

የአገው ቤተሰብ ግን ሁሉም አልወደቀም። አውንጂ የአዊ ዞን የሥራና የትምህርት ቋንቋ ነው፤ አውንጂና ኽምጣንጛ በክልሉ መገናኛ ብዙኃን ይሰማሉ። ከጣና በስተምዕራብ ባለው ቆላ የሚኖሩት ኩንፋሎች ደግሞ አጥኚዎችን አስገርመዋል። አፋቸው ለረጅም ጊዜ ምንነቱ ያልለየ ነበር፤ በኋላ ሰዎቹ ዘንድ ሄደው ቃላቸውን የመዘገቡ ባለሙያዎች የአውንጂ ዘዬ መሆኑን አረጋገጡ። ጠፋ የሚባል ቋንቋ አንዳንዴ ያልተጠየቀ ሰው ቤት ውስጥ ይገኛል።

ለቅማንትነይ የሚያስፈልገው መነሻ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዘለዓለም ልየው በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የቋንቋውን ሰዋስውና እንዴት በአማርኛ እንደተተካ በዝርዝር ይዟል። መጽሐፉ ግን ድምፅ የለውም፤ የ«አኍ»ን የጉሮሮ ልዝብነት ፊደል አይዘውም። ያ ያለው ጭልጋና አካባቢው በቀሩት አዛውንት አፍ ውስጥ ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ደግሞ ስልክና ሰፋ ያለ ጊዜ ያለው፣ አያቱን ሊያዳምጥ የተቀመጠ የልጅ ልጅ ነው።