ሶባ ውስጥ የማን ኔትወርክ ይሠራል?

በዚህ ዓመት ጥር ወር ላይ የአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪና የክበባችን አባል ቤተሰቦች ከዴም ወደ ሶባ ቤት ቀየሩ። ኪራዩ ቀለል ይላል፣ ግቢውም ሰፊ ነው። አባቷ ዕቃ ከመጫናቸው በፊት ከተማ መሐል አንድ ሱቅ ገብተው «ሶባ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ?» ብለው ጠየቁ። «ይሠራል፣ አያስቡ» ተባሉ። ራውተር ገዙ፣ የወር ጥቅልም አስሞሉ። ቤት ወስደው ሲሰኩት ግን ራውተሩ ቀይ መብራቱን እያበራ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጠ። ሊመልሱት ሲሄዱ የተሸጠ ዕቃ አንቀበልም አሏቸው። ገንዘቡ የልጆቹ የትራንስፖርት ነበር። ልጅቷም መምህራን በቴሌግራም የሚልኩትን መልመጃ በማግስቱ ከጓደኛዋ ደብተር እየገለበጠች ሁለት ሳምንት ከረመች።

የኮምፒውተር ክበባችን የዚህን ዓመት ሥራ የጀመረው ከዚህ ነው። የሻጩን መልስ ደጋግመን ስናስበው ሰውየው የዋሸ አልመሰለንም። ጥያቄው ራሱ ሰፊ ነበር። ሶባ አንድ ቦታ አይደለችም። ከካርቱም በስተደቡብ በጥቁር ዓባይ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ናት። በምዕራቡ በኩል የሶባ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና ወደ ወድ መደኒ የሚወስደው አስፋልት አሉ። በምሥራቁ በኩል በታሪክ ክፍለ ጊዜ የተማርናት የጥንቷ የክርስቲያን መንግሥት የአልዋ ዋና ከተማ ፍርስራሽ ይገኛል። ሻጩ «ሶባ» ሲባል የታየው የሆስፒታሉ አካባቢ ነው። የቤተሰቡ አዲስ ቤት ግን ወንዙን ተሻግሮ፣ ከአስፋልቱም ገባ ብሎ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጥያቄ በደንብ መጠየቅ ያልለመድንበት ምክንያት አለን። አገር ቤት ለረጅም ዘመን የነበረው ኩባንያ አንድ ብቻ ስለሆነ ጥያቄው «ኔትወርክ አለ ወይ?» ነበር። ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ ፈቃድ ያገኘው እንኳ በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ ሱዳን ግን «የማን ኔትወርክ?» ማለት ያስፈልጋል። በ1993 የተቋቋመው ሱዳቴል በ«ሱዳኒ» ስም ይሠራል። ዛሬ ዘይን የምንለው በ1997 ሞቢቴል ተብሎ የተጀመረው ነው። ኤምቲኤንም አለ። ለቤትና ለቢሮ የቋሚ መስመር አገልግሎት የሚሰጠው ካናርም ከእነዚህ ጋር ይቆጠራል። እያንዳንዱ የራሱን ማማ በራሱ ምርጫ ስለሚተክል አንዱ የሚደርስበት መንደር ሌላው ላይደርስበት ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ኩባንያዎች የሚያሳዩት ባለቀለም ካርታ ለመነሻ ይጠቅማል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከማማው ርቀትና ከመሬቱ አቀማመጥ የተሰላ ግምት ነው፤ የቤታችሁን ግድግዳ አያውቅም። እንደ ኦፕን ሲግናል ያሉ መተግበሪያዎች ደግሞ ሰዎች በስልካቸው የለኩትን ይሰበስባሉ። በእነዚህ ላይ ባዶ ሆኖ የሚታይ ቦታ ሁልጊዜ ኔትወርክ የለም ማለት አይደለም፤ እዚያ የለካ ሰው የለም ማለትም ሊሆን ይችላል።

ከካርታ ይልቅ ጎረቤት ይሻላል። ሆኖም «ጥሩ ነው?» ብሎ መጠየቅ «ምን ይላል፣ ደህና ነው» የሚል መልስ ብቻ ያመጣል። እኛ ሦስት ነገር ለይተን ጠየቅን፦ የየትኛው ኩባንያ ሸሪሃ ነው? የትኛው ክፍል ውስጥ ይሠራል? በስንት ሰዓት ይደክማል? የሰፈሩን ባለሱቅም አልረሳንም። ረሲድ የሚሸጥ ሰው ነዋሪው የትኛውን ኩባንያ አብልጦ እንደሚገዛ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሰው ደግሞ በማይሠራ ሸሪሃ ላይ ረሲድ ደጋግሞ አይሞላም።

ከዚያ መሞከር ነው። ሸሪሃ ለማስመዝገብ መታወቂያ ስለሚጠየቅና ወጪም ስላለው አዲስ አልገዛንም፤ ከወላጆቻችን የሦስት ኩባንያ ሸሪሃ ተውሰን በሁለት አርብ ቀናት ሶባ ወረድን። በመጀመሪያ የሚታየው በስልኩ አናት ላይ ያለው ፊደል ነው። 4ጂ ወይም 3ጂ ከሆነ ደህና ነው። «ኢ» ብቻ ከሆነ የጽሑፍ መልእክት ያልፋል፣ የትምህርት ቪዲዮ ግን አይታሰብም። ከፊደሉ ጎን ያሉትን ሰረዞች ብዙ አትመኑ፤ እያንዳንዱ የስልክ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚሥላቸው። ትክክለኛው ቁጥር በብዙ ስልኮች በሴቲንግ ውስጥ፣ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ክፍል፣ የሲም ሁኔታ በሚለው ሥር ይገኛል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ትንሽ ግራ ያጋባል፦ -85 ከ-105 ይበልጣል። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። በየ10 ቁጥሩ ኃይሉ አሥር እጥፍ ስለሚለዋወጥ -105 የሚያሳየው ስልክ የሚደርሰው ኃይል -85 ለሚያሳየው ከሚደርሰው መቶ ጊዜ ያንሳል። የፊዚክስ መምህራችን ይህን በሎጋሪዝም እንድናሰላው አድርገውናል፤ ያ ትምህርት እንዲህ ያገለግላል ብሎ የጠበቀ ከእኛ መካከል አልነበረም።

በልጅቷ ቤት አንደኛው ሸሪሃ ጣሪያ ላይ ሲሠራ ሳሎን ውስጥ ጠፋ። ሁለተኛው በመንገድ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ ብቻ ጥሩ ነበር። ሦስተኛው የትም አልያዘም። ሦስት ቤት አልፈን ስንሞክር ያ የትም ያልያዘው ከሁሉ በለጠ! የኩባንያዎቹን ስም እዚህ ያልጻፍነው ለዚህ ነው፤ ለእናንተ ቤት ሐሰት ይሆናል። ወፍራም የጡብ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ሞገዱን ያዳክሙታል። ሞገዱም ዓይነት አለው፤ በ900 ሜጋኸርዝ የሚላከው በ1800 ወይም በ2100 ከሚላከው ይልቅ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ግድግዳም በተሻለ ይሻገራል። ስለዚህ ስልክ ማነጋገር የሚቻልበት ክፍል ውስጥ ኢንተርኔቱ እምቢ ቢል አይግረማችሁ።

ሰዓቱም ከቦታው እኩል ነው። ረፋድ ላይ የተለካ ፍጥነት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ በሱዳን አቆጣጠር ስምንት ላይ ሊደገም ይገባል፤ ያኔ ሰፈሩ በሙሉ አንዱን ማማ ይጋራል። ስፒድቴስት የሚሰጠው ቁጥር በሜጋቢት ነው፤ ፋይል የሚለካው ደግሞ በሜጋባይት ነው። አንድ ሜጋባይት ስምንት ሜጋቢት ስለሆነ 40 ሜጋባይት የሆነ የትምህርት ቪዲዮ በ8 ሜጋቢት 40 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ በ1 ሜጋቢት ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ። መለኪያው ራሱ ጥቅል ይበላልና ደጋግማችሁ አትጫኑት። አንድ ወንድማችን የአባቱን የሳምንት ጥቅል እንዲህ ጨርሶ ተቆጥቷል።

መብራት ሲጠፋም ሞክሩ። ማማዎቹ በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ይቆያሉ፤ ሁሉም ግን እኩል አይቆዩም። ሶባ በሄድንበት በሁለተኛው አርብ መብራት ጠፍቶ ነበርና አንደኛው ኔትወርክ ሰዓት ሳይሞላ ተከትሎ ጠፋ።

አንድ ነገር ግን ለይተን ማየት አለብን። ከጥቅምት 25 እስከ ኅዳር 18 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ የነበረውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ፈተና በሚሰጥባቸው ቀናትም ጠዋት ጠዋት ተዘግቶ ያውቃል። የሁሉም ኩባንያ ኢንተርኔት በአንድ ጊዜ ከጠፋ ችግሩ ከቤታችሁ አይደለም፤ ራውተሩን ተሸክማችሁ ሱቅ ለሱቅ አትዙሩ፣ ሸሪሃም አትቀይሩ።

ራውተር የምትገዙ ወላጆች ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለአንድ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ ነው ወይስ የሌላም ሸሪሃ ይቀበላል? ቤት ወስዶ ሞክሮ መመለስስ ይቻላል? ከተቻለ መልሱን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ልጅቷ አሁን መልመጃዋን የምታወርደው በመንገድ በኩል ባለው መስኮት ላይ በሚቀመጠው የእናቷ ስልክ ነው። የተቆለፈውን ራውተር አባቷ ዴም ለሚኖር የአክስታቸው ልጅ በግማሽ ዋጋ ሸጡት፤ እዚያ እንደ ጉድ ይሠራል አሉ። እኛ የለካነውን ሁሉ በመንገድ፣ በኩባንያና በሰዓት ለይተን በአንድ ደብተር አስፍረናል። ደብተሩ በጸሐፊዋ ቢሮ ይገኛል። ሶባ አራት ገጽ ይዛለች፤ ጀሬፍና ሰሃፋ ግን ገና ሁለት ሁለት መስመር ናቸው። እዚያ የምትኖሩ ተማሪዎች ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ቁጥሩን የት እንደምታገኙት እናሳያችኋለን።