ኢንሱሊኑ ቤት ገብቷል፤ ሐኪም ቤቱስ?

ደብረ ብርሃን ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ውርጭ ሣሩን አንጥቶት የሚያድርበት ሌሊት ብዙ ነው። ከከተማዋ ተነስቶ በአንኮበር በኩል ወደ አልዩ አምባ የወረደ ሰው ግን እዚያው ቀን ካፖርቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ያደርጋል። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውም እንደዚሁ ነው። ለሌላው መንገደኛ ነገሩ ከልብስ አያልፍም። ኢንሱሊን ይዞ ለሚጓዝ የስኳር ሕመምተኛ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ ውርጭ ካገኘው ይበላሻል፣ ሙቀት ከበዛበትም ይበላሻል፤ መበላሸቱ ደግሞ ሁልጊዜ በዓይን አይታወቅም።

በሰሜን ሸዋ ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው መርፌውን የሚወጋው ራሱ ነው፤ ሕፃን ከሆነ እናቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ይወጉታል። ብዙዎች ጠዋትና ማታ ይወጋሉ። ለእያንዳንዱ መርፌ ጤና ጣቢያ እንሂድ ቢሉ ሌላ ሥራ አይሠሩም። ስለዚህ ነርሷ የምትሠራው ሥራ በሙሉ ወደ ገበሬው፣ ወደ ተማሪው፣ ወደ ጉሊት ነጋዴዋ እጅ ተላልፏል። ችግሩ የተላለፈው ሥራው ብቻ መሆኑ ነው። ነርሷ በዙሪያዋ ያላት ማቀዝቀዣ፣ የስኳር መለኪያ፣ ሲሪንጅ መጣያ ሣጥንና ስትሳሳት የሚያርማት ባልደረባ አብረው ቤት አልገቡም።

የመርፌ ፍቅርና የመርፌ ፍርሃት

አገራችን መርፌን አትጠላም። እንክብል ብቻ ተሰጥቶት የተመለሰ ሰው «አልታከምኩም» ሲል መስማት የተለመደ ነበር። በየገጠሩ ፈቃድ ሳይኖራቸው ፔኒሲሊን የሚወጉ መርፌ ወጊዎች ገበያ ያገኙት በዚህ እምነት ነው። ኋላ ኤች አይ ቪ ሲመጣ «አንድ መርፌ ለአንድ ሰው» የሚለው ትምህርት ያንን ልማድ በእጅጉ ቀነሰው። የሆነ ሆኖ በሌላ ሰው እጅ መወጋትን የማይፈራው ሰው ገና ስኳር እንዳለበት ተነግሮት «ከዛሬ ጀምሮ ራስህን ትወጋለህ» ሲባል ይደነግጣል። ቢቀርበት የሚመጣው ግን ከዚያ የከፋ ነው። የአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ለጥቂት ቀናት ካጣ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ይከብዳል፣ ራሱን ይስታል፤ ካልተደረሰለትም ይሞታል።

ኢንሱሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ነው። በማግስቱ ዓመት ጥር ላይ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጋ። አግኚዎቹ የባለቤትነት መብቱን በ1 ዶላር ለዩኒቨርሲቲው ሲሸጡ መድኃኒቱ ለሁሉም እንዲዳረስ አስበው ነበር። መቶ ዓመት አልፎም ከዓለም የኢንሱሊን ገበያ አብዛኛው በሦስት ኩባንያዎች እጅ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች ስኳር አለባቸው። ሁሉም ኢንሱሊን አይወስዱም፤ ያለ ኢንሱሊን የማይኖሩት ግን ከተሜና ጠና ያሉ ሰዎች ብቻ እንዳልሆኑ የጎንደር ሐኪሞች ጥናት አሳይቷል። በገጠር ያገኟቸው ኢንሱሊን ፈላጊዎች በብዛት ወጣት፣ ቀጭንና ድሃ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ወንዶች።

ብልቃጡ የት ይደር?

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ከተከፈተ በኋላ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ቦታ ለ4 ሳምንት ያህል ያገለግላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀን ላይ ፍሪጅ የሌለው ቤት እንኳ ጥላ ያለበት ጥግ አያጣም። እዚህ ፈተናው ሌሊት ነው። መስኮት ሥር ወይም ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ያደረ ብልቃጥ በረዶ ሊሆን ይችላል፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይመለስም፣ ይጣላል። ፍሪጅ ያለውም ቢሆን በረዶ ቤቱን አስጠግቶ ካስቀመጠ ያው ነው።

በቆላው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ያለው መላ ሸክላ ነው፤ ውኃ ባለበት እንስራ ወይም ጋን ውስጥ፣ ብልቃጡ ውኃ እንዳይነካው በሌላ ዕቃ ታሽጎ ቢቀመጥ ላቡ የሚተን ሸክላ ውስጡን ያቀዘቅዛል። ይህን መላ በንቀት ማለፍ አይገባም። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ እንደሚታየው ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት 4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን ጠብቆ መገኘቱን አሳይተዋል። ፍሪጅ የለህም ተብሎ በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየተመላለሰ እንዲወጋ ለሚገደድ ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው።

እጅ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

ራስን መውጋት አይከብድም፤ አሳስቶ መውጋትም አይከብድም። ደመና የሚመስለው ኢንሱሊን ከመቀዳቱ በፊት በሁለት መዳፍ መሐል ቀስ ብሎ ይንከባለላል፤ ካልተንከባለለ አንድ ቀን የቀጠነ፣ ሌላ ቀን የወፈረ መድኃኒት ይወጣል። ጥርት ያለውና ደመናማው አብረው ሲታዘዙ መጀመሪያ የሚቀዳው ጥርት ያለው ነው። ሲሪንጁ ከብልቃጡ ጋር መግጠም አለበት። በ40 የተከፈለ ሲሪንጅ በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለውን መድኃኒት ከቀዳ ሰውየው የተባለለትን ሁለት ተኩል እጥፍ ይወጋል።

ቦታም ይለዋወጣል፦ ሆድ፣ ጭን፣ የክንድ ላይኛው ክፍል። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚወጋ ሰው ቆዳው ሥር እብጠት ያበጃል። እብጠቱ ስለማያመው እዚያው መውጋቱን ይመርጣል፤ መድኃኒቱ ግን ከዚያ በደንብ ወደ ደም አይገባም፣ ስኳሩም ምክንያቱ ሳይታወቅ ይዋዥቃል። ፕሮፌሰር ጀማል አብዱልቃድርና የሥራ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ስለዚሁ ጽፈዋል፤ ሕመምተኛን መጠየቅ ብቻ ሳይሆን የሚወጋበትን ቦታ አይቶ፣ ዳስሶ መመርመር እንደሚያስፈልግ ሥራቸው ያመለክታል። ወረፋ በሚበዛበት ክትትል ቀን «ሸሚዝህን ግለጥ» የሚል ባለሙያ ካልተገኘ ስህተቱ ለዓመታት ይቀጥላል።

ከሁሉ የሚከፋው የስኳር መውረድ ነው። ጠዋት ኢንሱሊን የተወጋ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል። ቤተሰብ «ሰክሯል» ወይም «ለክፎት ነው» ብሎ ሲያስብ ጊዜ ያልፋል፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ወይም ማር ግን ወዲያው ያነሳዋል። በዓቢይ ጾምም ሆነ በአልዩ አምባ አካባቢ ባሉ አርጎባዎች ዘንድ በረመዳን ጥያቄው አንድ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ መንገድ አላቸው። ሐኪሙ ከመርፌው ጋር ስለ ጾም ካላወራ ግን ሕመምተኛው ከንስሐ አባቱም ከሼኩም ጋር ሳይመክር ዝም ብሎ ይጾማል። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ሲሄድ መርፌውን ቤት ትቶ የሚሄድም አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ብዙ ሰው አትርፈዋል። ስለ ኢንሱሊንም ያን ያህል ጎልቶ የሚነገር ቃል ያስፈልጋል።

መንገድ ሲዘጋ

ራስን መውጋት ነፃነት የሚሆነው ብልቃጡ ሲገኝ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲጠጋ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል ግጭት ሲቀጥል፣ መንገድ መዘጋት ለኢንሱሊን ተጠቃሚ የመድኃኒት መቋረጥ ማለት ሆነ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከሌላ ቦታ የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎችን አስጠግታለች፤ መጠለያ ውስጥ ያለ ስኳር ሕመምተኛ የሚበላው በሰዓቱ ካልመጣ የሚወጋውን መጠን ማን ያስተካክልለታል? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ ያለው ሰውም «አልቋል» ሲባል ከግል ፋርማሲ በኪሱ መግዛት ይገደዳል፤ ካጣም መጠኑን እየቀነሰ ብልቃጡን ያቆየዋል።

መፍትሔው ከሩቅ አይደለም። በጎንደር እነ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ከፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የስኳርና የሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞችን ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አወረዱ። ሥልጠና ያገኙ ነርሶች ሕመምተኛውን በቅርቡ ያዩታል፤ ረጅም መንገድ የሚሄደው የባሰበት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የአፍሪካ የጤና ሚኒስትሮች ሎሜ ላይ የተቀበሉት የዓለም ጤና ድርጅት ስትራቴጂም የአንደኛው ዓይነት ስኳርን የመሰለ ከባድ ሕመም ወደ ወረዳ ሆስፒታል እንዲወርድ ይጠይቃል።

ነገሩ በኢንሱሊን አያቆምም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ሴቶች የወሊድ መከላከያ መርፌን ራሳቸው እንዲወጉ መክሯል። የደም መርጋት ያሰጋት ነፍሰ ጡርም ለወራት ሆዷ ላይ የምትወጋው መርፌ ይታዘዝላታል። መርፌ ወደ ቤት መግባቱ ይቀጥላል፤ በኢንሱሊን ያልተማርነውን በእነዚህ ላይ እንደግመዋለን።

ስለዚህ ከአንኮበር ጤና ጣቢያ እስከ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሊደረጉ የሚገባቸው ነገሮች ተራ ናቸው። በየክትትሉ ሕመምተኛው ባለሙያ ፊት ቀድቶ ይወጋ፣ የሚወጋበትም ቦታ ይዳሰስ። ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚደረግ አብሮት ለሚኖር ሰውም ይነገር። ያገለገለ ሲሪንጅ ሽንት ቤት ወይም ጓሮ ከሚጣል ክዳኑ በሚጠብቅ ጠንካራ ጀሪካን ተጠራቅሞ ለጤና ኬላ ይመለስ፤ ጤና ኬላውም አልቀበልም አይበል። ለሩቅ ቀበሌና መንገድ ለሚዘጋበት ወቅት የአንድ ወር ሳይሆን የሁለትና የሦስት ወር ብልቃጥ ከነማስቀመጫ መላው ይሰጥ። ለዚህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ገበሬውን ነርስ ያደረገው የጤና ሥርዓት ለነርስ የሚያደርገውን ለእርሱም ማድረጉ ነው።