የሱቅ ሠራተኛ ጡረታና የነጋዴው ግዴታ

ቀድሞ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ በግል ሱቅ ወይም በመጋዘን ሲያገለግል የኖረ ሰው ባረጀ ጊዜ ተስፋው ልጆቹና ዕድሩ ነበሩ። ዕድር ግን ለቀብርና ለኀዘን ይደርሳል እንጂ በየወሩ አይጦርም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የወጣው የጡረታ ሕግ የመንግሥትን ሠራተኞች የሚመለከት ነበረ፤ ለግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ የተቋቋመው በ2003 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 715 ነው። ይህም በ2014 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቀነሳል፤ አሠሪውም ከራሱ ገንዘብ 11 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ የዘጌ ቡና ለሚጠብቅ ባለ 5,000 ብር ደመወዝ የመጋዘን ሠራተኛ፥ ከደመወዙ 350 ብር፥ ከነጋዴው 550 ብር፥ በድምሩ 900 ብር በየወሩ ገቢ ይሆናል።

በዕድሜ ምክንያት የዘወትር አበል የሚያገኘው 60 ዓመት የሞላውና ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ነው። አገልግሎቱ ያልሞላለት ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈለውን ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበታል። እንግዲህ ሳይከፈል የቀረ መዋጮ ለነጋዴው ትርፍ ቢመስለውም፥ የሠራተኛው የሽምግልና እንጀራ መሆኑን አስቦ ሒሳቡን በየወሩ ሊያሟላ ይገባዋል።