ጃኬት ከመግዛታችን በፊት፦ የብርድ፣ የነፋስና የፍጥነት ነገር

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ብሂል ዝናቡ አባርቶ ብርዱ ሲገባ ከሰው አፍ አይጠፋም። ብሂሉ ብርድን በምግብ ስለ መቋቋም ይናገራል። እኛ ደግሞ በዚህ ጽሑፍ ብርድን በልብስ ስለ መቋቋም እንነጋገራለን፤ ይልቁንም በሞተር ብስክሌት፣ በጭነት መኪና ጀርባ ወይም ጣሪያው በሚከፈት መኪና ላይ ሆኖ ነፋስ ፊት ለፊት ስለሚመታው ሰው።

አንድ ወጣት በሞተር ብስክሌት ዕቃ እያደረሰ ይተዳደራል እንበል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ከመርካቶ ተነሥቶ እንጦጦን በመሻገር ወደ ሱሉልታ ይጓዛል። ብርዱ ቢያስመርረው ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ወደ ሰልባጅ ነጋዴዎች ሄደና ወፍራም፣ ከባድና ያማረ የድሮ ሱፍ ካፖርት ገዛ። መደብሩ ውስጥ ሲለብሰው አላበው። በማግስቱ እንጦጦ ላይ ግን ጥርሱ ተንገጫገጨ። ነጋዴው አላታለለውም፤ ካፖርቱም እውነተኛ ሱፍ ነው። ታዲያ ጉድለቱ ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት ከሰማዩ እንጀምር።

ብርዱ ለምን በበጋ ይበረታል?

በሌሎች አገሮች የዝናቡና የቅዝቃዜው ወቅት አንድ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ግን ሌሊቱ ይበልጥ የሚቀዘቅዘው በክረምት ሳይሆን በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ በሚጠራበት ጊዜ ነው። ምድር በቀን ያገኘችውን ሙቀት በሌሊት በዓይን በማይታይ ጨረር መልክ ወደ ሰማይ ትለቃለች። በክረምት ደመናው ከዚህ ጨረር ብዙውን ተቀብሎ ከፊሉን ወደ ምድር ይመልሰዋል፤ እንደ ብርድ ልብስ ያገለግላል ማለት ነው። በበጋ ይህ ብርድ ልብስ ይገፈፋል። ስለዚህም በእነዚህ ወራት ሊነጋጋ ሲል የከተማዋ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አየር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። መርካቶ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ሲገኝ የእንጦጦ ጫፎች ከ3,000 ሜትር ይበልጣሉ። ስለሆነም ወጣታችን ዳገቱን በወጣ ቁጥር ብርዱ ይጨምርበታል። ነገር ግን ዋናው ሌባ ከፍታው አይደለም፤ ፍጥነቱ ነው።

ነፋስ የሚሰርቀው ሙቀት

ሰውነታችን ዕረፍት ላይ ሳለ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያመነጫል፤ ይህም የአንድ የድሮ ባለ 100 ዋት አምፖል ያህል ነው። በጸጥተኛ አየር ውስጥ በቆዳችን ዙሪያ በዚህ ሙቀት የተሟሟቀ ስስ የአየር ሽፋን ይፈጠራል። ነፋስ ሲመጣ ሽፋኑን ጠርጎ በምትኩ ቀዝቃዛ አየር ይተካል፤ ሰውነታችን ያንን ሲያሞቅ ደግሞ ሌላው ይተካል። ለሞተረኛ ነፋስ መንፈስ አያስፈልገውም፤ እርሱ ራሱ አየሩን እየሰነጠቀ ስለሚሄድ ነፋሱን ይፈጥረዋል።

ይህን ጉዳይ በመለኪያ ያጠኑት ፖል ሳይፕልና ቻርልስ ፓሰል የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። በአንታርክቲካ በፕላስቲክ ዕቃ የተሞላ ውሃ በነፋስ ውስጥ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተሙ። ዩናይትድ ስቴትስና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2001 በተሻሻለ ቀመር ተክተውታል። በዚህ ቀመር ስናሰላ፣ የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ ፊታችን ላይ የሚሰማን ብርድ እንደ 1 ዲግሪ ይሆናል። በ50 ኪሎ ሜትር ከዜሮ በታች 1፣ በ80 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ልብ እንበል፤ ነፋሱ ቆዳን ከአየሩ ሙቀት በታች አያወርደውም፤ በ5 ዲግሪ አየር ውስጥ በኮዳ የያዝነው ውሃ ምንም ያህል ብንፈጥን በረዶ አይሆንም። ቁጥሩ የሚነግረን ሙቀታችን የሚጠፋበትን ፍጥነት ነው።

ለእኛ ሁኔታ ሁለት ማረሚያዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ቀመሩ የሚጠቀመው የነፋስ ፍጥነት በ10 ሜትር ከፍታ ላይ የተለካውን ሲሆን፣ ለእግረኛ ፊት የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ እንደሆነ ታስቦ የተሠራ ነው። ሞተረኛውን ግን ሙሉው ፍጥነት ስለሚመታው ብርዱ ከተሰላው ይብሳል። ሁለተኛ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል፤ የሳሳ አየርም ሙቀት የመውሰድ አቅሙ በመጠኑ ይቀንሳል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሠሩ ቁጥሮቹን እንደ ግምት ብንወስዳቸው ብዙ አንሳሳትም።

የሚያሞቀን ጨርቁ ሳይሆን አየሩ ነው

ልብስ ሙቀት አያመነጭም። ሥራው በውስጡ የማይንቀሳቀስ አየር መያዝ ነው፤ አየር ካልተንቀሳቀሰ ሙቀት በማስተላለፍ ረገድ እጅግ ደካማ ነውና። ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል የተሻለ ሙቀት አስተላላፊ ነው፤ የረጠበ ልብስ የሚያንቀጠቅጠን በዚህና ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞብን ስለሚሄድ ነው።

እስቲ ቀላል ስሌት እንሥራ። የቆዳችን ሙቀት 33 ዲግሪ፣ የውጭው 5 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 28 ነው። የቆዳችን ስፋት 1.7 ስኩዌር ሜትር፣ የአየር ሙቀት የማስተላለፍ መጠን በሜትርና በዲግሪ 0.025 ዋት ይሁን። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የረጋ አየር መላ ሰውነታችንን ቢሸፍን፣ 0.025 በ28 እና በ1.7 ተባዝቶ ለ0.012 ሲካፈል 99 ዋት ይመጣል። ይህ ሰውነታችን ከሚያመነጨው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ እንግዲያስ አይበርደንም። ውፍረቱ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ግን ኪሳራው 198 ዋት ይሆናል። ጠባብ ጃኬት ከውስጥ ያለውን ሹራብ ጨፍልቆ የሚያስበርደን በዚህ ምክንያት ነው።

የወጣቱ ካፖርት ጉድለትም አሁን ይገለጥልናል። በስሌታችን ውስጥ «የረጋ» ብለናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ደረት ላይ በከተማችን የሳሳ አየር እንኳ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር 90 ኒውተን ያህል ግፊት ያርፋል። የደረትን ስፋት 0.2 ስኩዌር ሜትር ብንወስድ፣ ወደ 2 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት እንደ መግፋት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ ግፊት በሳሳው የሱፍ ሽመና ቀዳዳዎች፣ በቁልፎቹ መካከልና በአንገትጌው በኩል አየር እያስገባ የረጋውን ይበትነዋል። ከሸማ ተራ የሚገዛ ጋቢም እንዲሁ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚስተካከለው የለም፤ ሞተር ላይ ግን ነፋሱ ያልፍበታል። በአንጻሩ የፕላስቲክ ዝናብ ልብስ ነፋስ ያግዳል፤ በራሱ የሚይዘው የረጋ አየር ግን የለውም። ሁለቱ ሲጣመሩ ነው ሥራው የሚሟላው።

ደበሎና የአብራሪው ጃኬት

ይህን ጥምረት አባቶቻችን ያውቁት ነበር። የቆሎ ተማሪ የሚለብሰው ደበሎ ከነጸጉሩ የለፋ የበግ ቆዳ ነው። ቆዳው ነፋስ ያግዳል፣ ጸጉሩ አየር ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው የፓራሹት ባለሙያ ሌስሊ ኢርቪን ለእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪዎች የሠራው ዝነኛ ጃኬትም መርሁ ይኸው ነው፤ የበጉን ጸጉር ወደ ውስጥ፣ ቆዳውን ወደ ውጭ አድርጎ የተሰፋ ነው። የዚያን ዘመን አብራሪ እንደ ሞተረኛ በነፋስ የሚመታ ነበርና። የቀድሞ መኪኖችም ቢሆኑ አካላቸው ክፍት ነበር። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መኪና ሲያመጣ፣ ነፋሱን የሚመክት ከልብስ በቀር ብዙ ነገር አልነበረውም። ዛሬ መርካቶ ውስጥ ለጌጥ የሚገዛው ባለ ሰፊ አንገትጌ «የድሮ ሞድ» ጃኬት አንገትጌው፣ የወገቡ መቀነትና የእጅጌው ማጥበቂያ በመጀመሪያ ለዚሁ ዓላማ የተሠሩ ናቸው።

በመደብሩ ውስጥ የሚደረጉ ሙከራዎች

ሻጩ «ኦርጅናል ነው!» ማለቱ አይቀርም። እኛም በትሕትና እንፈትነው።

የትንፋሽ ፈተና፦ ጨርቁን በአፋችን ላይ አድርገን እንንፋ፤ እጃችንን ከወዲያ በኩል እናኑር። ትንፋሹ ከተሰማን ነፋስ ያልፍበታል።

የጭብጥ ፈተና፦ ሽፋኑን ጨብጠን እንልቀቀው። ፈጥኖ ወደ ውፍረቱ ከተመለሰ አየር የመያዝ ኃይሉ አለ፤ ተጨምድዶ ከቀረ አርጅቷል።

የክር ፈተና፦ በሻጩ ፈቃድ ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር ወስደን፣ ከመደብሩ ውጭ ከልብሶቹ ርቀን እናቃጥላት። ሱፍ እንደ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም ይፈረፈራል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል። ሰው ሠራሽ ክር ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ቢይዝ እንኳ እርጥብነቱ ብዙም አይሰማም፤ ጥጥ ግን ሲርስ ይተኛል።

የቆዳ ፈተና፦ ያልተሸፈነ ጠርዝ ፈልገን ጀርባውን እንመልከት። እውነተኛ ቆዳ ጭረታማ ነው፤ አርቴፊሻሉ ከበስተኋላው የተሸመነ ጨርቅ ይታይበታል።

የአቀማመጥ ፈተና፦ ቁጭ ብለን መሪ እንደያዘ ሰው እጃችንን እንዘርጋ። የእጅጌው ጫፍ አንጓችንን፣ ጀርባው ወገባችንን መሸፈን አለበት። ዚፑ ከኋላው መደረቢያ ጨርቅ ከሌለው ነፋስ ያስገባል። አንዳንድ ሞተረኞች ጃኬታቸውን ከፊት ወደ ኋላ ገልብጠው የሚለብሱት ይህን ቀዳዳ ለመሸሽ ነው።

ያገለገለ ልብስ ሳይታጠብ አይለበስም። ሙቅ ውሃ የሚችለውን በሙቅ ውሃ ማጠብና መተኮስ፣ የማይችለውን ቆዳ ደግሞ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ ለአንድ ሳምንት ማስቀመጥ የእከክ አምጪ ነፍሳትን ያጠፋል።

ጣቶችና ፍሬን

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ደረታችን ሲበርደው አእምሯችን ለልብና ለሳንባ ሙቀት ለመቆጠብ ወደ ጣቶች የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል። ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ ፍሬን ለመያዝም ይዘገያሉ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ የግማሽ ሰከንድ መዘግየት 7 ሜትር ያህል ተጨማሪ ርቀት ነው፤ መንገድ ለሚሻገር ሕፃን ይህ ርቀት ብዙ ነው። ስለዚህ ጓንት ብቻ አይበቃም፤ ጣት የሚሞቀው ከደረት ይጀምራል። ጥቁር ጃኬት በጎሕ ጨለማ ስለማይታይም ከጀርባው የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ማሰፋት ይገባል።

ወጣታችን ምን ያድርግ? ካፖርቱን አይጣለው፣ ሌላ ውድ ጃኬትም አይግዛ። ከላዩ የሚደርበው፣ ካፖርቱን ሳይጨፈልቅ የሚሸፍን ስስ ነፋስ የማያሳልፍ ልብስ፣ አንገቱን የሚዘጋ ሻርፕና ጓንት ቢጨምር ከያዘው ሱፍ ሙሉ ጥቅም ያገኛል።

ያልነውን የሚጠራጠር አንባቢ ራሱ ይፈትነው። ከምናለሽ ተራ ሁለት ተመሳሳይ ጣሳዎች ገዝቶ እኩል ሙቅ ውሃ ይሙላቸው። አንዱን በሹራብ ብቻ፣ ሌላውን በተመሳሳይ ሹራብ ጠቅልሎ ከላዩ በፕላስቲክ ይሸፍን። በቬንቲሌተር ፊት አኑሮ በየ5 ደቂቃው ሙቀታቸውን በቴርሞሜትር ይመዝግብ። ከዚያም ቬንቲሌተሩን አጥፍቶ ይድገመው። በሁለቱ ሙከራዎች መካከል የሚታየው ልዩነት ወጣቱ እንጦጦ ላይ ያጣውን ሙቀት በቁጥር ያሳያል።