ለክረምት የሚበቃ ብርሃን፦ የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰው የደጋ ቤት የሶላር ኃይል አመጣጠን



የዛሬው ገለጻዬ መነሻ በገጠር ተደጋግሞ የሚሰማ አቤቱታ ነው። ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በኩታበር ደጋዎች፣ መስመር ያልደረሰው አንድ ገበሬ በጎቹን ሸጦ ሶላር ገዛ እንበል። በጋውን ቤቱ ሲበራ ያመሻል። ሐምሌ ሲገባ መብራቱ ገና ራት ሳይበላ ይጠፋል። በሁለተኛው ክረምት ባትሪው ጨርሶ ይሞታል፤ ቤተሰቡ ወደ ኩራዙ ይመለሳል፤ በመንደሩም «ሶላር አይረባም» የሚል ፍርድ ይጸናል። በእኔ እምነት በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ስሌቱ ነው። ዕቃው የተመጠነው ለጥር ፀሐይ ነበርና።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም፣ ከሕዝቡ 35 በመቶ የሚሆነውን ከዋናው መስመር ውጪ ባሉ አማራጮች፣ በተለይም በሶላር፣ ለመድረስ አቅዶ ነበር። የአመጣጠን ስሕተት እንዲህ ባለ ዕቅድ ውስጥ ሲደጋገም የሚከስረው በጎቹን የሸጠው ሰው ነው።

ስለዚህ ስሌቱን አብረን እንሥራ። የምንጀምረው ከፓነሉ ሳይሆን ከቤቱ ፍላጎት ነው። እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሆኑ አራት የኤልኢዲ አምፖሎች በቀን 4 ሰዓት ቢበሩ 80 ዋት-ሰዓት ይፈጃሉ። ሁለት ስልክ ለመሙላት 20፣ 5 ዋት ለሚወስድ ሬዲዮ በ4 ሰዓት 20፣ 30 ዋት ለሚወስድ አነስተኛ ቴሌቪዥን በ3 ሰዓት 90 እንጨምር። ድምሩ 210 ዋት-ሰዓት ነው። በሽቦ፣ በቻርጅ መቆጣጠሪያና በባትሪ የሚባክነውን 30 በመቶ አድርገን ብንይዝ፣ ፓነሉ በየቀኑ 300 ዋት-ሰዓት ማመንጨት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ፀሐዩ እንሂድ። የአንድ ቀን ጨረር ሁሉ በሙሉ ኃይል ቢወርድ ስንት ሰዓት ይሆናል ብለን እንለካለን። ለምሳሌያችን በበጋ 6፣ በክረምት 4 ሰዓት እንውሰድ። በበጋው ስሌት 50 ዋት ፓነል ይበቃል፤ በክረምቱ ግን 75 ዋት ያስፈልጋል። የ50 ዋቱን የገዛ ሰው በሐምሌ በየቀኑ የሚያገኘው ብክነቱ ተቀንሶ 140 ዋት-ሰዓት ነው፤ የጎደለውን 70 ከባትሪው ይበደራል። ይህን ብድር የሚከፍል ፀሐይ እስኪወጣ ድረስ ባትሪው ባዶ ሆኖ ይከርማል።

የባትሪው ሞት የሚመጣው ከዚህ ነው። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሳይሞላ ሲቆይ በሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ ቢሞላም የቀድሞ አቅሙን አያገኝም። ስለዚህ ከአቅሙ ከግማሽ በላይ መጠቀም አይመከርም። ለሁለት ደመናማ ቀናት 420 ዋት-ሰዓት እናስቀምጥ ካልን፣ 840 ዋት-ሰዓት የሚይዝ፣ ማለትም ባለ 12 ቮልትና 70 አምፔር-ሰዓት ባትሪ እንገዛለን። በርካሽ የሚገኘው የመኪና ባትሪ ለዚህ አይሆንም፤ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ለአፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 80 በመቶው ጥቅም ላይ ስለሚውል 525 ዋት-ሰዓት ይበቃዋል፤ ዕድሜውም ረዥም ነው። ነገር ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሊደረግ አይገባም። ውርጭ በሚያርፍበት ደጋ ቦታው ከቤት ውስጥ፣ ከምድጃ ርቆ መሆን አለበት።

ስለ ፓነሉ አቀማመጥ አንድ ነገር ላክል። የአውሮፓ መመሪያዎች ወደ ደቡብ በጣም አዘንብሉት ይላሉ። ኩታበር ግን በ11 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ናት፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ፀሐይ በሚያጥረን ወቅት ወደ ደቡብ በጣም ያዘነበለ ፓነል ይጎዳናል። ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ያህል 10 ዲግሪ ገደማ ማዘንበሉ በቂ ነው። የደጋው ብርድ ደግሞ ለፓነሉ ይበጃል፤ የተለመደው የሲሊከን ፓነል ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣልና።

ለባለቤቱ ሳይሸፋፈን መነገር ያለበት ነገርም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። አንድ ሰዓት ቢጋገርበት ይህ ቤት በ16 ቀን የሚጠቀመውን ኃይል ይጨርሳል። እንዲህ ያለው ሶላር የማገዶ ሸክም አያቀልም። ይህን ሳይሰሙ የገዙ እናቶች ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም።

በመጨረሻ፣ ስሌት ብቻውን ብርሃን አያቆይም። በክልላችን በሰሜን ሸዋ ሬማ የተባለችው የገጠር ከተማ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. በሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን አማካይነት በብዙ ቤቶቿ አነስተኛ ሶላር ሲተከል፣ የጥገና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም እዚያው ተከፍቷል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ፊውዝ የሚቀይር፣ የባትሪውን ቮልት የሚለካ ሰው በእግር በሚደረስበት ርቀት መኖር አለበት።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በአንዱ ቀበሌ ምክር ስትጠየቁ በቅድሚያ «ቤቱ ማታ ማታ ምን ያበራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎም ስሌታችሁን በሐምሌ ሥሩት። ለሐምሌ የበቃ ለጥር ይተርፋል።