ለሐኪም የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው ወይስ መልስ?

አንዲት ሴት ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታስል ሰንብታ፥ ሰውነቷ ከስቶ፥ ሌሊት ሌሊትም እያላባት ወደ ሐኪም ቤት መጣች እንበል። በቀድሞው ሥርዓት የሚማር የሕክምና ተማሪ እንዲህ ያለችውን በሽተኛ የሚያገኛት ስለ ሳንባ አሠራርና ስለ ተሐዋስያን ከመምህሩ አፍ እየሰማ ለዓመታት ደብተር ሲሞላ ከቆየ በኋላ ነው። ከችግር በሚነሣው ትምህርት ግን የሴትዮዋ ታሪክ በወረቀት ተጽፎ ገና በጧቱ ይቀርብለታል። ስምንት ወይም ዐሥር ተማሪዎች ክብ ሠርተው፥ «ሳሉ ከምን መጣ? ለምን ከሳች? እኛስ የማናውቀው ምንድን ነው?» እያሉ ይከራከራሉ። መምህሩ አጠገባቸው አለ፤ ነገር ግን መልሱን አይነግራቸውም። ያላወቁትን መዝግበው ወደ መጻሕፍት ቤት ይሄዳሉ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ያገኙትን ይዘው ይመለሳሉ።

ይህ አካሄድ በሕክምና ትምህርት የታወቀው በካናዳ አገር፥ በሐሚልተን ከተማ በሚገኘው በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፥ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1969 ዓ.ም. ነው። በዚሁ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. በኔዘርላንድ የሚገኘው የማስትሪኽት የሕክምና ትምህርት ቤት ተከተለው።

ተማሪዎቹ ምን ይላሉ ቢባል፥ አሳባቸው ከሁለት የተከፈለ ነው። የሚደግፉት፥ በገዛ ድካማችን ያገኘነው ከአእምሯችን አይጠፋም፤ ከጓደኛ ጋር መመካከርንም እንለምዳለን ይላሉ። የሚነቅፉት ደግሞ፥ የቱን አንብበን የቱን እንደምንተው አናውቅም፤ ጥቂቶች ሲናገሩ ሌሎች ዝም ይላሉ፤ መምህሩ በአንድ ሰዓት የሚያስረዳንን እኛ ሳምንት እንፈጅበታለን ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በ1993 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የወጡ የጥናት ግምገማዎችም ወደዚሁ ያመለክታሉ፤ ይኸውም በአዲሱ መንገድ የተማሩት ትምህርታቸውን ይበልጥ ሲወዱት፥ በመሠረታዊ ሳይንስ ፈተና ግን አንዳንድ ጊዜ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል።

ነገሩ ላገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ዳዊት የሚደግም ተማሪ የተነበበለትን ቃል በቃል ይይዛል። የቅኔ ተማሪ ግን አገባቡን ከመምህሩ ከተማረ በኋላ ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ከመምህሩም ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ይታረማል። አባቶቻችን መያዝንና መመራመርን አላጣሉም፤ እያንዳንዱን በየቦታው አኖሩት እንጂ። በዘመናዊውም ትምህርት፥ በ1983 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና በኋላ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፥ ተማሪዎቹ ወደ ሕዝቡ ወጥተው የጤናውን ችግር ራሳቸው እንዲያጠኑ ማድረግን የትምህርቱ መሠረት አድርጎታል።

እንግዲህ ንግግር ብቻ ሲሰማ የኖረ ሐኪም፥ በደብተሩ ያልተጻፈ በሽታ ሲገጥመው ይደነግጣል። ክርክር ብቻ የለመደውም የሚከራከርበት ዕውቀት ሲያንሰው ያፍራል። የሁለቱንም ጉድለት ዋጋ የምትከፍለው ግን ያቺ የምትስለው ሴት ናት።

ስለዚህ በትምህርት ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣት ሹማምንት ሆይ፥ አንድ መምህር ለመቶ ተማሪ፥ አንድ መጽሐፍ ለሃያ ሰው በሆነበት ቤት የትምህርቱን ስም መለወጥ ብቻውን ለውጥ እንዳልሆነ አትዘንጉ። አንተም ተማሪ፥ ሥርዓቱ እስኪለወጥልህ አትጠብቅ፤ መምህርህ የተናገረውን ጽፈህ ደብተርህን ከመዝጋትህ በፊት የራስህን አንድ ጥያቄ ከግርጌው ጻፍበት፤ መልሱንም ሳታገኝ አትደር። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባላልና።