የሃያዎቹ ዕድሜ በ31 ጥያቄዎች

«ለአዋቂነት በቅተሃል?» ጄፍሪ ጄንሰን አርኔት የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ይህን ለወጣቶች ሲያቀርቡ ብዙዎቹ በከፊል አዎ፣ በከፊል ገና ነኝ ይሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካውያን ሴቶች በ21፣ ወንዶች በ23 ዓመት ገደማ ያገቡ ነበር። ትምህርት እየረዘመ ጋብቻም እየዘገየ ሲሄድ ግን የአብዛኛው ወጣት ሕይወት ተለወጠ። አርኔት በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ ከ18 እስከ 25 ያለውን ዕድሜ ከጉርምስናም ከሙሉ አዋቂነትም የተለየ ምዕራፍ አሉት።

ለዚህ ሐሳብ መለኪያ የተበጀለት በ2007 ነው። የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲው አለን ራይፍማን ከአርኔትና ከማሊንዳ ኮልዌል ጋር ሆነው 31 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አወጡ። መላሹ አሁን ያለበትን ጊዜ መሐል አድርጎ አምስት ዓመት ያህል እንዲያስብ ይጠየቃል፤ ያለፉት ጥቂት ዓመታትና የሚመጡትም ይገባሉ ማለት ነው። ይህ ወቅት ማንነትህን የምትፈልግበት ነው? አማራጭ የበዛበት? ጭንቀትና አለመረጋጋት ያየለበት? በራስህ ላይ የምታተኩርበት? ከጉርምስናም ከአዋቂነትም ወገን ያልሆንክ የሚመስልህ? መልሱ «ፈጽሞ አልስማማም» ከሚለው እስከ «በጣም እስማማለሁ» አራት ደረጃ አለው፤ መሐል ላይ መሸሸጊያ የለም።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጥያቄዎቹ በስድስት ዘርፎች ተመድበው ለእያንዳንዱ ዘርፍ አማካይ ይወሰዳል። አንድ ወጣት በአማራጭ ብዛትም በጭንቀትም ከፍተኛ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል፤ ተስፋና ስጋት በዚህ ዕድሜ አብረው ስለሚኖሩ ለየብቻ መለካታቸው ተገቢ ነው።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመለከተው ስድስተኛውን ዘርፍ ነው። አርኔት ለዚህ ዕድሜ ከዘረዘሯቸውና ከላይ ካየናቸው አምስት ባሕርያት ውስጥ የለም፤ አዘጋጆቹ ለማነጻጸሪያ ብለው የጨመሩት ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፦ ለሌሎች ኃላፊ ስለመሆን፣ ለሌሎች ቃል ስለመግባት፣ ኑሮን ስለማደላደል። በ22 ዓመቷ ዓረብ አገር ሠርታ ታናናሾቿን የምታስተምር ኢትዮጵያዊት መጠይቁን ብትሞላ የሕይወቷ ዋና ጉዳይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ራስን መፈለግ ለእሷም ይኖራታል፤ ነገር ግን የቤተሰቧን ወርኃዊ ወጪ ተሸክማ ነው።

ስለዚህ በ2015 በስዊዘርላንድ ወጣት ወንዶች ላይ ተፈትኖ የወጣው ባለ 8 ጥያቄ አጭር ቅጂ ያሳስበኛል። ጊዜ መቆጠቡ እውነት ነው፤ የያዘው ግን አራት ዘርፎችን ብቻ ነው። በራስ ላይ ማተኮርን የሚመለከተውም ለሌሎች ኃላፊነትን የሚመለከተውም ወጥተዋል። የእኛን አገር ወጣቶች ለሚያጠና ሰው ረጅሙን ቅጂ እንዲይዝ፣ ሦስቱን ጥያቄዎችም እንዲያበዛቸው እመክራለሁ።